የምትዋሸው ማርትሬዛ፦ ታሪክን በማስረጃና በሙግት ስለ ማስተማር



ማርትሬዛን በዓይኑ ያላየ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ አይኖርም ብዬ እገምታለሁ። አያቶቻችን ጠገራ ብር ይሏት የነበረችው ናት። በአንድ ፊቷ የአንዲት ደርባባ ንግሥት ምስል፣ በሌላው ሁለት ራስ ያለው ንስር አለባት። ሃያ ስምንት ግራም ያህል ትመዝናለች። ዛሬ በየቤቱ የአንገት ጌጥ ሆና ወይም በጨርቅ ተቋጥራ ከሳጥን ሥር ትገኛለች። ንስሩ ባለበት ፊቷ ጠርዝ ላይ 1780 የሚል ቁጥር ተቀርጾባታል።

አንድ የሰባተኛ ክፍል መምህር ይህችን ብር ይዞ ገብቶ «መቼ የተሠራች ናት?» ብሎ ቢጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «በ1780!» ይላል። ቁጥሩ ተጽፏላ! ነገር ግን ዛሬ በእጃችን ያሉት ማርትሬዛዎች አብዛኞቹ በዚያ ዓመት የተሠሩ አይደሉም። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ነው። የቀይ ባሕርና የመካከለኛው ምሥራቅ ነጋዴ ግን በዚህች ብር ስለ ለመደ ሌላ መልክ ያለው ገንዘብ አልቀበልም አለ። ስለዚህ ቪዬና ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያንኑ ምስልና ያንኑ ዓመት እየመታች መላኳን ቀጠለች። እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ የብሩን ቅርጽ ማውጫ ከቪዬና አግኝቶ ሮም ላይ ያስመታ ጀመር። በዓመቱ ለንደን ተከተለች፤ ፓሪስና ብራስልስም እንዲሁ። 1780 የሚል ብር ይዞ የመጣ ልጅ በእጁ የያዘው ቅድመ አያቱ ማይጨው ሲዘምት የተመታ ሊሆን ይችላል።

ክፍሉ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ጸጥ ይላል፤ ቀጥሎ ይንጫጫል። «ታዲያ ለምን ዋሹ?» «በምን እንለያለን?» «ጣሊያን ጦርነት ለመክፈት የእኛ ገንዘብ ምን ያደርግለታል?» የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን አንድ ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ወራሪ ጦር ስንቅና የጭነት ከብት መግዛት፣ ለሚቀጥረው ሰው ደመወዝ መክፈል፣ ባላባት መደለል አለበት፤ ይህንን ሁሉ በሊሬ ማን ይቀበለዋል? ከዚያ መምህሩ ለተማሪዎቹ አንድ ነገር ይጨምርላቸዋል። የድሮ ገበያተኛ ማርትሬዛ ሲቀበል ዓመቱን አያይም ነበር። የሚያየው የንግሥቲቱን ዘውድና የትከሻዋን ጌጥ ነው፤ የፈርጡን ቁጥር ቆጥሮ፣ የጎደለ ወይም የተፋፋቀ ሆኖ ካገኘው «ይቺ አትሆንም» ብሎ ይመልሳል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ሰነድ እየመረመረ ነበር ማለት ነው።

የታሪክና የኅብረተሰብ ትምህርት በፈጠራ ይሰጥ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው ፕሮጀክተር፣ ቪዲዮና ታብሌት ነው። እነሱን አልጠላም። ነገር ግን በሽምደዳ የሚሰጥ ትምህርት ስክሪን ላይ ሲወጣ ባለ ቀለም ሽምደዳ ይሆናል እንጂ ሌላ ነገር አይሆንም። እኔ የማወራው ርካሽ ስለሆነ ፈጠራ ነው፦ ተማሪውን የሌላውን ቃል ከሚደግም ምስክርነት አንሥቶ ማስረጃ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ማድረግ።

አሁን ያለው ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። መምህሩ ይገባል፣ ኖት ይጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል። መምህሩን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ ፖርሽን መሸፈን አለበት፤ ርእሰ መምህሩ የሚጠይቀው ስንተኛ ምዕራፍ እንደደረሰ ነው። ልጁ ደግሞ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የገዛ አገሩን ታሪክ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ግማሽ ጉልበቱ ታሪኩን ከመረዳት ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን በመፍታት ያልቃል። ፈተናው ሲደርስ የነገሥታትን ስምና ዓመት እንደ ስልክ ቁጥር ይይዛል፤ በማግስቱ ይረሳል።

ሳም ዋይንበርግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጥናት በ1775 አሜሪካ ውስጥ ሌክሲንግተን ላይ ስለተደረገ ግጭት የሚናገሩ የተለያዩ ጽሑፎችን ለታሪክ ምሁራንና ለጎበዝ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አስነበበ። ተማሪዎቹ ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ምሁራኑ ግን መጀመሪያ ወደ ግርጌ ወርደው ማን ጻፈው፣ መቼ፣ ለማን የሚለውን አዩ። ከምሁራኑ መካከል የአሜሪካን ታሪክ ያላጠኑም ነበሩ፤ ስለ ጉዳዩ የሚያውቁት ከተማሪዎቹ አይበልጥም ነበር፤ አነባበባቸው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የሚገርመው፣ ከጽሑፎቹ አንዱ ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ ነበር፤ ተማሪዎቹ ይህንን ከሁሉ አስበልጠው አመኑት፤ ምሁራኑ ከሁሉ ይልቅ የጠረጠሩት እሱኑ ነው።

ወደ ራሳችን እንምጣ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በምንለው ግቢ፣ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀናት የተካሄደውን ጭፍጨፋ ሁሉም ያውቀዋል። አሁን አስቸጋሪውን ጥያቄ ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አቅርቡላቸው፦ ስንት ሰው አለቀ?

የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ከጣሊያን ካሳ ለመጠየቅ ያዘጋጀው ሰነድ 30,000 ይላል። በጊዜው በከተማው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች የጠቀሱት ከጥቂት ሺዎች አይዘልም። ኢያን ካምፕቤል የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ለዓመታት የዓይን ምስክሮችን ጠይቆ፣ የቃጠሎውን ስፋትና የሬሳ አነሣሡን ሰፈር በሰፈር አጠናቅሮ 19,000 ገደማ ላይ ደርሷል።

ተማሪው ወዲያው «ትክክለኛው የቱ ነው?» ይላል። መምህሩ እዚህ ላይ አፉን መግታት አለበት፤ ከባዱም ይኸው ነው። ሦስቱን ቁጥሮች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ እያንዳንዱን ስለ ቆጣሪው ያስጠይቅ። ካሳ ጠያቂ መንግሥት ቁጥር ሲያቀርብ ምን ይፈልጋል? ካሳ መፈለጉ ብቻ ቁጥሩን ሐሰት ያደርገዋል? የውጭ አገሩ ሰው ከቆንስላው ቅጥር ሆኖ ያየው የትኛውን መንገድ ነው? በቤንዚን የተቃጠለ ጎጆ ውስጥ የነበረውን ሰው ማን ቆጠረው? ከሰማንያ ዓመት በኋላ የሚጽፍ ሰው ከሁለቱም የተሻለ ሊያውቅ የሚችለው በምን ምክንያት ነው? የት ላይስ ይሳሳታል? አንድ ክፍል በዚህ ላይ ሁለት ቀን ቢያጠፋ አልቆጭም። ልጁ ሲወጣ አንድ ቁጥር ላይዝ ይችላል፤ ነገር ግን የጭፍጨፋውን ክብደት ከቁጥሩ ሽምደዳ ይልቅ በጥልቅ ይዞ ይወጣል፤ ምክንያቱም ሙታኑ ያልተቆጠሩት ለምን እንደሆነ ገብቶታል።

አዲስ አበባ ላሉ ትምህርት ቤቶች የሰማዕታቱ ሐውልት ከክፍሉ ብዙም አይርቅም። በ1947 ዓ.ም. የተመረቀው የስድስት ኪሎ ሐውልት በነሐስ የተቀረጹ ምስሎች አሉበት፤ የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ናቸው። ተማሪዎች በጎኑ ቆመው ፎቶ ከመነሣት ይልቅ ምስሎቹን አንድ በአንድ እንዲገልጹ ብትጠይቋቸው ጥያቄ አያልቅባቸውም፦ የዩጎዝላቪያ ሰዎች ይህንን ለምን ሠሩ? ከሞቱት ሁሉ ለመቀረጽ የተመረጡት እነማን ናቸው? ዩጎዝላቪያም ራሷ በፋሺስት ጣሊያን የተወረረች አገር መሆኗን ሲያውቁ መልሱን ራሳቸው ይደርሱበታል።

አሁን ስለ ሙግት ልናገር። አባቶቻችን የሚሟገቱበትን ሥርዓት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በላ ልበልሃ። ዛፍ ሥር ዳኛ ይቀመጣል፣ ከሳሽና ተከሳሽ ይቆማሉ፣ አንዱ ተጠየቅ ሲል ሌላው ይመልሳል፣ ውርርድ ይገባሉ፣ ሰውም ከብቦ ይሰማል። ይህንን ያህል የዳበረ የክርክር ባህል ያለው ሕዝብ ልጆቹን ታሪክ ሲያስተምር አፍ አስይዞ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ክፍል ውስጥ ሙግት ለማካሄድ ጥያቄው መመረጥ አለበት። «ዓድዋ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ?» የሚል ጥያቄ ሙግት አይወልድም። «አፄ ምኒልክ ከዓድዋ ድል በኋላ የመረብን ወንዝ ተሻግረው ጣሊያንን ከኤርትራ ለምን አላስወጡም?» የሚለው ግን ይወልዳል። ይህ ጥያቄ በቤታችንም ሲያነታርክ ኖሯል። ከሳሹ ወገን፦ ድሉ ሙሉ ነበር፣ የጣሊያን ጦር ተበትኗል፣ ሮም ላይ የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ መንግሥት ወድቋል፤ በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ውል የኢትዮጵያን ነጻነት ቢያረጋግጥም ከመረብ ማዶ ያለውን ሕዝብ ለቅኝ ገዥ ተወ ይላል። ተከሳሹ ወገን፦ አገሩ ከክፉ ቀን ረኃብ ገና አላገገመም፣ መቶ ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት የትግራይን ስንቅ ጨርሷል፣ በሽታ ገብቷል፣ ክረምቱ እየቀረበ ነው፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ባልዲሴራ ምፅዋ ላይ አዲስ ጦር እያሰናዳ ነው፤ አሸንፎ መመለስ ከአንድ ሽንፈት ይሻላል ይላል።

ሁለት ሕጎች አስገባለሁ። አንደኛው፣ በክርክሩ መካከል መምህሩ ሲያጨበጭብ ከሳሽና ተከሳሽ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ልጁ ሲቃወመው የቆየውን ሐሳብ ወዲያው መደገፍ አለበት። ሁለተኛው፣ ዳኞቹ ፍርዳቸውን ከመስጠታቸው በፊት የተረታውን ወገን ጠንካራ ነጥብ በጽሑፍ ማስፈር አለባቸው። ይህን ያልጻፈ ዳኛ ፍርዱ አይቆጠርለትም። የአፍ ጮሌነት ብቻውን ያላሸነፈበትን ክርክር የማገኘው በዚህ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ትወና ለታሪክ ትምህርት ይጠቅማል፤ ጭፍጨፋን ግን አታስተውኑ። አሥር ዓመት የሞላውን ልጅ «አንተ ጥቁር ሸሚዝ ለባሹ ፋሺስት ሁን፣ አንቺ ጎጆሽ የተቃጠለብሽ እናት ሁኚ» ማለት ማስተማር አይደለም። ልጆች ይሣቃሉ፣ ወይ ይሸበራሉ፤ ሁለቱም አይጠቅምም። ገበያ፣ ችሎት፣ የመንግሥት ምክር ቤት፣ የሰላም ድርድር ይተወን፤ ሬሳ አይተወን።

«ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል?» ትሉኛላችሁ። የቡድን ሥራ ሲባል የሚሆነውን ስለምናውቅ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፤ አንዷ ጎበዝ ትጽፋለች፣ አምስት ስም ይሰፍራል። ኤሊየት አሮንሰን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ኦስቲን ከተማ ውስጥ ጥቁር፣ ነጭና የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል መማር በጀመሩበትና ጠቡ በበረታበት ጊዜ አንድ ዘዴ ነደፈ። ትምህርቱን ቆራርጦ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንዱን ቁራጭ ብቻ ሰጠ፤ ሙሉውን ለማግኘት ሁሉም የሁሉንም መስማት ግድ ሆነበት። የናቁትን ልጅ ሳይሰሙ ፈተናውን ማለፍ አይቻልም። የመረቡን ጉዳይ በዚህ መንገድ ቁረጡት፦ ለአንዱ ስለ ስንቅና ረኃብ፣ ለአንዱ ስለ ጣሊያን ጦር፣ ለአንዱ ስለ ክረምትና መንገድ፣ ለአንዱ ስለ በሽታ፣ ለአንዱ ስለ ሮም ፖለቲካ አንዳንድ ገጽ። ስልሳ ልጅ አሥራ ሁለት ቡድን ይሆናል። ወጪው አምስት ገጽ ማባዛት ነው።

ከዚህ ሁሉ የምወደው ግን የቤት ሥራ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ አገሪቱም ለዚህ ከዩኔስኮ ተሸልማለች። ያኔ ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ዛሬ አያቶች ናቸው። ብዙ ቤት ውስጥ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ከጋብቻ ውልና ከድሮ የቀበሌ መታወቂያ ጋር በአንድ ፌስታል ውስጥ ተጣጥፎ አለ። ልጁ ሄዶ ይጠይቅ። «ደስ አለሽ ወይ?» ብሎ አይጀምር፤ በዚህ ጥያቄ የሚያገኘው «አዎ ልጄ» ብቻ ነው። «እማማ፣ ይማሩ የነበረው በስንት ሰዓት ነበር? ቤት ማን ይጠብቅ ነበር? መብራቱ ምን ነበር? መጀመሪያ የጻፉት ቃል የቱ ነው? የቀሩ ዕለት ምን ይደረግ ነበር?» ይበል።

የመጨረሻው ጥያቄ ክፍሉን ይከፍለዋል። አንዷ አያት ስሟን መጻፍ የቻለችበትን ቀን እንደ ሠርግ ቀን ታወራለች። ሌላው አያት ቀበሌ እየተከታተለ ያስገድድ እንደነበረ፣ እርሻ ውለው ማታ ደብተር ላይ ያንቀላፉ እንደነበር ይናገራሉ። ሁለቱም አይዋሹም። ልጆቹ የሰበሰቡትን ክፍል ውስጥ ሲያነቡ መማሪያ መጽሐፉ በአንድ አንቀጽ የዘጋውን ዘመን እንደገና ሊከፍቱት ነው። ወረቀቱን ግን ከቤት አውጥተው ይዘው እንዳይመጡ፤ በስልክ ፎቶ አንሥተው ዋናውን ከነበረበት ይመልሱ። የሚጠየቀው ሰው ስሙ እንዳይጠቀስ ከፈለገ አይጠቀስ። የቤት ሥራው የሰፈሩን እድር መዝገብ ማየት ከሆነም እንዲሁ መጀመሪያ የእድሩን ዳኛ ማስፈቀድ ነው። በእድር መዝገብ ውስጥ የመዋጮውን መጠን፣ የቅጣቱን ዓይነት፣ አባል ማን መሆን ይችል እንደነበር ዓመት በዓመት ማየት ይቻላል፤ የኑሮ ውድነትን ታሪክ ከዚያ የተሻለ የሚያስተምር መጽሐፍ አላየሁም። ጊዜውም የለንም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ፣ ካዛንቺስም ሲከተል፣ ጎረቤት ተበትኗል፤ እድሮችም አብረው ተበትነዋል፤ መዝገቡን ማን ይዞት እንደሄደ የሚያውቅ ጥቂት ነው።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ አንድ እንቅፋት አለበት፤ እሱም ፍርሃት ነው። መምህሩ አከራካሪ ጥያቄ ከፍቶ ማታ ወላጅ ቢደውልበት፣ ወይም አንድ ተማሪ በስልክ ቀርጾ ቢያሰራጭበት ማን ይቆምለታል? በዩኒቨርሲቲዎች ለሁሉም ተማሪ ሊሰጥ የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁል ምን ያህል እንዳወዛገበ እናስታውሳለን። ምሁራን ያልተስማሙበትን የዘጠነኛ ክፍል መምህር ብቻውን እንዲሸከም መጠየቅ ግፍ ነው።

በዚህ ረገድ የእስራኤልና የፍልስጤም መምህራን የሠሩትን ሥራ ደጋግሜ አስባለሁ። ዳን ባር ኦን የተባለው እስራኤላዊ የሥነ ልቦና ምሁርና ሳሚ አድዋን የተባለው ፍልስጤማዊ የትምህርት ምሁር የሁለቱን ወገን መምህራን ሰብስበው አንድ መጽሐፍ አዘጋጁ። ገጹ ሦስት ዓምድ አለው። በአንዱ ጎን የእስራኤላውያን ትረካ፣ በሌላው የፍልስጤማውያን፤ 1948 ለአንዱ የነጻነት ጦርነት ነው፣ ለሌላው ናክባ። መካከለኛው ዓምድ ባዶ ነው፤ የሚጽፍበት ተማሪው ነው። የሁለቱም ወገን የትምህርት ባለሥልጣናት ለመደበኛ መማሪያነት አልፈቀዱትም። አንዳንዶች ይህንን ጠቅሰው ሥራው ከሸፈ ይላሉ። እኔ አልስማማም። ደም በሚፈስበት ወቅት የሁለቱም ወገን መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የአንዱን ትረካ ሌላው ሳይሰርዝ እንዲታተም ተስማምተዋል። እኛ ዘንድ አንድ ወጥ ታሪክ ላይ እስክንስማማ ድረስ እንጠብቅ የሚለው ሐሳብ ከመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች አፍ አይጠፋም። ያ ቀን የሚመጣ አይመስለኝም፤ መጠበቁም አያስፈልግም። አከራካሪ በሆኑት ምዕራፎች ላይ ሁለቱን ትረካ ከነማስረጃቸው አስፍሮ የተማሪውን ዓምድ ባዶ መተው ይቻላል። መምህሩም ቢጠየቅ «እኔ አላልኩም፤ መጽሐፉ ሁለቱንም አስቀምጧል» የሚልበት መከታ ያገኛል።

የቀረው ፈተናው ነው። አገር አቀፍ ፈተና ዓመተ ምሕረት እስከጠየቀ ድረስ መምህሩ ዓመተ ምሕረት ያስሸመድዳል፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርጋለሁ፤ የልጆቹ ዕድል በእጁ ነው። ብዙ ጊዜ «ማሰብን በምርጫ ጥያቄ መፈተን አይቻልም» ሲባል እሰማለሁ። ይቻላል። ለምሳሌ ስለ የካቲት 12 የኢትዮጵያን መንግሥት ሰነድ አንድ አንቀጽ አስፍሩና እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ የዚህን ቁጥር ተአማኒነት ለመመዘን ከሚከተሉት ይበልጥ የሚረዳው የቱ ነው? ሀ) የሰነዱ የገጽ ብዛት፤ ለ) ሰነዱ ለማንና ለምን ዓላማ እንደቀረበ ማወቅ፤ ሐ) የጸሐፊው የእጅ ጽሑፍ ውበት፤ መ) ሰነዱ የተጻፈበት ቋንቋ። በማሽን ይታረማል፤ አራት ምርጫ አለው፤ ኩረጃም ቢኖር ከዓመተ ምሕረት ጥያቄ አይብስም። ከመቶው ጥያቄ አሥሩ ብቻ እንዲህ ዓይነት ቢሆን መምህሩ በኅዳር ወር ክፍል ሲገባ የሚይዘው ነገር ይለወጣል።

ለጥያቄ ሠላሳ ደቂቃ ያህል አለን። ፈተና ከሚያወጡት ሰዎች መካከል በአዳራሹ ውስጥ ካሉ ከእነሱ ብንጀምር ደስ ይለኛል።